ዳር ላይ ሲደርስ ይጥለዋል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ቡቺ የሚባል የ10 ወር ላብራዶር ውሻ አለኝ፤ ለዳክዬ አደን እያሠለጠንኩት ነው። የመለማመጃውን የሸራ ጥቅል ሐይቅ ውስጥ ስወረውርለት ዋኝቶ ያመጣል። ዳር ሲደርስ ግን እዚያው ጥሎት ውሃውን ያራግፋል። ከዚያ ረስቶት ሣር ማሽተት ይጀምራል። አደኑ የሚከፈተው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቡቺ እያመፀ አይደለም። ከውሃ የወጣ ውሻ ሁሉ መራገፍ ይፈልጋል። ሲራገፍ ደግሞ አፉ ይላላል። ግን አሁኑኑ መታረም አለበት። የቆሰለች ዳክዬ ዳር ላይ ከጣላት ተመልሳ ውሃ ውስጥ ትጠልቃለች። ከዚያ አታገኚያትም፤ ሸምበቆ መሃል ተሠቃይታ ትሞታለች። የአሜሪካ ሕግም አዳኙ የመታትን ወፍ ፈልጎ ለማንሳት እንዲጥር ያስገድዳል። እኔን ግን ከሕጉ በላይ የሚያሳዝነኝ የወፏ ሥቃይ ነው።

የእኔው ቦቢም እንዲሁ ነበር። የጎማ ቦቴን አድርጌ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ገና እየዋኘ ሳለ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣ ጥቅሉን ከአፉ ተቀበልኩት። ካስረከበኝ በኋላ እንደልቡ ተራገፈ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ዳር አፈገፍግ ነበር። በመጨረሻ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ እጄ ላይ ያስቀምጥልኝ ጀመር። 3 ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሲመጣ ወደ እሱ እንዳትሮጪ፤ ማባረር ጨዋታ ይመስለዋል። ይልቅ ወደኋላ ሂጂ፣ ይከተልሻል።

ጎን ለጎን ቤት ውስጥ «ያዝ» እና «ስጥ» አስተምሪው። ጥቅሉን አፉ ውስጥ አድርጊና አገጩን በእጅሽ ደገፍ አድርጊ። ሁለት ሰከንድ ከያዘ ይበቃል፤ ቀስ እያልሽ ትጨምሪያለሽ። በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይለፍ፣ ይሰለቻል። ጥቅሉን ይዘሽ ጉተታ እንዳትገጥሚው፤ አጥብቆ መንከስ ይለምድና ዳክዬዋን ያደቃታል። ይህን ሲችል ጥቅሉ ላይ የዳክዬ ክንፍ እሰሪበት። ሙሉ ዳክዬ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ተኩስ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ጥይት ረግረጉ ውስጥ፣ አናቱ ላይ እንዳይሰማ። ምግቡን እየበላ ሳለ አንድ ሰው በጣም ርቆ ይተኩስ። ካልደነገጠ በሌላ ቀን ትንሽ ይቅረብ። ከደነገጠ ርቀቱን ጨምሩለት። እስከ ሴፕቴምበር ካልለመደ ዘንድሮ ቤት ይቆይ። ገና ልጅ ነው፣ ለከርሞ ይደርሳል።