የመኪና ጥገና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ጋራዥ ገብቼ እጄን ባፍታታ አይሻልም? ዩኒቨርሲቲ ምን ይጨምርልኛል?» ብለሃል። እኔ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ፤ በሙሉ ልቤ ተማር እልሃለሁ።

ጋራዥ መፍታትና መግጠም ያስተምርሃል። ትምህርቱ ደግሞ ለምን እንደተበላሸ ያስጠይቅሃል። ለምሳሌ የሞተር መብራት በራ እንበል። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነሩ፣ ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ አሳየ። ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሮጦ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ዕቃ፣ ይቀይራል። ሴንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያየውን ነው የተናገረው! ጥፋቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ስለ ቃጠሎና ስለ ግፊት ማወቅ አለብህ።

ሂሳብና ፊዚክሱ ይከብዳል፣ አልዋሽህም። ኤሌክትሪኩን ግን በፍጹም አትሽሽ፤ የዛሬ መኪና ግማሽ ችግሩ እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ በጊዜ ልመድ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 በታች ከቀረ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና ሽቦዎቹን ፈትሽ።

ከመመዝገብህ በፊት ወርክሾፑን ሄደህ እይ። ተማሪው ራሱ ሞተር የማይፈታበት ከሆነ ሌላ ፈልግ። እረፍት ላይ ደግሞ ጋራዥ ግባ።