ቋንቋና አገር ለየብቻ ናቸው፦ ከባልትና ሽያጭ የተማርኩት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሜሪካ፣ እስራኤልና ዱባይ ያሉ ወገኖቻችን ለቤተሰባቸው በግ፣ ኬክና አበባ የሚልኩበት ድረ ገጽ አለሽ፤ የምታደርሺው አዲስ አበባ ነው። ዶሜይንሽ፣ ማለትም የድረ ገጽሽ አድራሻ፣ የሚያልቀው በዶት ኢቲ ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው ጉግል ላይ ሲፈልግ አያገኝሽም፤ ቢያገኝሽም ዋጋው በብር የተጻፈው ገጽ ይወጣበታል። ለየአገሩ ዶሜይን ልግዛ ወይስ ጎብኚው ያለበትን አገር አይቶ በራሱ ወደሚመለከተው ገጽ እንዲወስደው ላድርግ ብለሻል።

እኔ ብሆን ሁለቱንም አላደርግም። ሁለተኛውን ሞክሬው ብዙ ገበያ አጥቼበታለሁ።

በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ወደ ውጭ የሚልክ የአንድ ቤተሰብ ድርጅት ድረ ገጽ ለአራት ዓመት ይዤ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰርቨሩ የጎብኚውን አይፒ፣ ማለትም ከየት አገር እንደገባ የሚጠቁመውን የኢንተርኔት ቁጥር፣ እያየ ከኢትዮጵያ የገባውን ወደ አማርኛው፣ ከውጭ የገባውን ወደ እንግሊዝኛው እንዲልክ አደረግኩ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የአማርኛ ገጾቻችን ከጉግል አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው ሰርች ኮንሶል ውስጥ ገብቼ የአማርኛውን የበርበሬ ገጽ በዩአርኤል መመርመሪያው አስፈተሽኩና ጉግል ያየውን ምስል ከፈትኩት። የወጣልኝ የእንግሊዝኛው ገጽ ነው፤ ርዕሱም በእንግሊዝኛ፣ ዋጋውም በዶላር። ለካ ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጉግል ቦት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ አይፒ ነው፤ የትኛውን ቋንቋ እንደሚፈልግም ለሰርቨሩ አይናገርም። እኛ ከአሜሪካ የመጣውን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛው ስንመልስ አማርኛውን ጨርሶ እንዳያየው በሩን ዘግተንበት ነበር። ሰውም ተጎድቷል፤ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ አማርኛውን በነካሁት ቁጥር እንግሊዝኛ ይሆንብኛል» ሲሉኝ ምን እንደምመልስላቸው ጠፍቶኝ ነበር። ማዘዋወሩን አንስቼ ገጹ አናት ላይ ወደ ሌላው ቋንቋ የሚወስድ ተራ ሊንክ አስቀመጥኩ። ገጾቹ ሙሉ በሙሉ እስኪመለሱ ሁለት ወር ያህል ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቋንቋንና አገርን ለየብቻ አያቸዋለሁ። አማርኛ አንባቢሽ ኢትዮጵያ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ፍራንክፈርትም፣ ሪያድም አለ። ዱባይ ያለች እህታችን ደግሞ ዐረብ አገር ስለምትኖር በዐረብኛ ትፈልጋለች ማለት አይደለም። እኛ የዐረብኛ ገጽ አሠርተን ገንዘብ አውጥተንበታል፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚገቡት ሰዎች ግን የሚያነቡት አማርኛውን ነበር። እስራኤል ላይ ነገሩ ይለያል፤ ትልልቆቹ በአማርኛ ቢያነቡም እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆች የሚጽፉት በዕብራይስጥ ነው። አቅሙ ካለሽ ሦስተኛው ገጽሽ ዕብራይስጥ ይሁን፤ ግን ቋንቋውን የሚኖርበት ሰው ይጻፈው።

ስለ ዶሜይኑ። ጉግል ዶት ኢቲን የሚረዳው ለኢትዮጵያ የታሰበ ብሎ ነው። ገዢዎችሽ ውጭ አገር ስለሆኑ ይህ አይጠቅምሽም። አንድ ዶት ኮም ውሰጂና በውስጡ ለአማርኛ አንድ ፎልደር፣ ለእንግሊዝኛ አንድ ፎልደር ክፈቺ። ለየአገሩ ዶሜይን መግዛት ለትልልቅ ድርጅቶች ይሆናል፤ አንቺ ግን ዛሬ ያገኘሽውን ጥቂት ሊንክና ስም ለአራት ትበትኚዋለሽ። ስትዛወሪ እያንዳንዱ አሮጌ ገጽ ወደ አቻው አዲስ ገጽ በቋሚ ማዘዋወሪያ፣ ማለትም በ301፣ ይሂድ፤ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ አትጣይው። ዩቲዩብ ላይ ያሉ የቆዩ ቪዲዮዎች «ሰርች ኮንሶል ገብተሽ አገር ምረጪ» ይሉሻል። ያ መምረጫ በ2022 ስለተነሳ አትፈልጊው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደረስን፤ ኤችሬፍላንግ። ጉግል በ2011 ያመጣው ምልክት ነው፤ «ይህ ገጽ በሌላ ቋንቋ አቻው እዚህ አለ» ብሎ ይነግረዋል። ደረጃሽን ከፍ አያደርግልሽም፤ ለጎብኚው የሚስማማውን ገጽ እንዲያወጣለት ብቻ ይረዳዋል። ኮዱ ቋንቋን ያስቀድማል፤ አገር ካስፈለገ ከሰረዝ በኋላ ይከተላል፤ አገር ለብቻው አይቆምም። እኛ ኢትዮጵያን ለማመልከት «ኢቲ» ብለን ጽፈን ነበር። በቋንቋ ኮድ «ኢቲ» ማለት ኢስቶኒያኛ ነው! የሽሮ ገጻችንን በባልቲክ ባሕር ዳር ላለ ሕዝብ ነበር ያዘጋጀነው ያልነው። በተቃራኒው «ኤኤም» በቋንቋ ኮድ አማርኛ ሲሆን በአገር ኮድ አርሜንያ ነው። ስለዚህ ለአንቺ አማርኛው ገጽ «ኤኤም» ብቻ ይበቃዋል፤ ኢትዮጵያን አትቀጥይበት፤ አንባቢሽ በየአገሩ ነውና። ለቀረው ዓለም «ኤክስ ዲፎልት» የሚባለውን እንግሊዝኛው ላይ አድርጊው።

ምልክቱ የሚሠራው ገጾቹ እርስ በርስ ሲጠቋቆሙ ነው። አማርኛው እንግሊዝኛውን ጠርቶ እንግሊዝኛው አማርኛውን ካልጠራ ጉግል ምልክቱን ይተወዋል። እያንዳንዱ ገጽ ራሱንም መጥራት አለበት። ካኖኒካሉን፣ ማለትም «ዋናው ገጽ ይህ ነው» ብሎ ለጉግል የሚያመለክተውን ምልክት፣ ደግሞ ደህና አድርገሽ እዪው። አንዳንድ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የገጽ ቅርጽ) የሁሉንም ቋንቋ ካኖኒካል ወደ እንግሊዝኛው ያመለክታል፤ ያ ማለት አንቺው ራስሽ «አማርኛው ቅጂ ነው፣ እንግሊዝኛውን ያዝ» እያልሽው ነው። የአማርኛው ካኖኒካል ወደ ራሱ ወደ አማርኛው ይሁን።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለአሜሪካና ለዱባይ የሚለየው ገንዘቡ ብቻ ከሆነ ሌላ ገጽ አያስፈልግሽም። ዶላሩን ዋና አድርገሽ ሌላውን በመምረጫ አስቀምጪው። ብሩን ከፊት አንሺው፤ የሚከፍልሽ ሰው ብር አይደለም የያዘው።

የማይክሮሶፍቱ መፈለጊያ ቢንግ ኤችሬፍላንግን ያን ያህል አይሰማም፤ ገጹ ራስጌ ላይ የገጹን ቋንቋ የሚናገረውን ኮንቴንት ላንጉጅ የሚባለውን ሜታ ታግ ጨምሪለት።

ከኮዱ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ጽሑፉ ነው። ጉግል የገጹን ቋንቋ የሚለየው ኮድ ውስጥ ባለው የቋንቋ ምልክት ሳይሆን በሚታየው ጽሑፍ ነው። ድረ ገጽሽን ከፍቼ አየሁት፤ ሜኑው አማርኛ ነው፣ የበጉና የኬኩ መግለጫ ግን እንግሊዝኛ። የእንቁጣጣሽ ቅናሽሽ ደግሞ ፖስተር ላይ ነው ያለው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ግን ገጹ ላይ የሚነበብ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የለም። ያንኑ ቃል በጽሑፍ ከሥሩ አስቀምጪው። አጻጻፉንም አስቢበት። ሰው ጉግል ላይ የሚጽፋቸውን ቃላት በሚያሳየው ሪፖርታችን ውስጥ «የበዓል»ና «የበአል»፣ «እንቁጣጣሽ»ና «ዕንቁጣጣሽ» እየተለያዩ፣ ደረጃቸውም እየተለያየ ነበር የሚመጡት። ርዕሱ ላይ ትክክለኛውን ጻፊ፤ ሰው የለመደውን ሌላውን አጻጻፍ ገጹ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ በተፈጥሮው አስገቢው። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ብዙ ነው፤ ለእሱ የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የበዓሉን ስም በላቲን ፊደል ጥቀሺለት።

የገጹ አድራሻ ግን በላቲን ፊደል ይሁን። የግዕዝ ፊደል ለጉግል ችግር የለውም፤ ነገር ግን ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ወደ 9 ምልክት ይዘረዘራል። «እንቁጣጣሽ» የሚለው 6 ፊደል ብቻውን 54 ምልክት ይሆናል፤ ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም።

የዶሜይኑን ዝውውር በዓል ሲቃረብ እንዳትጀምሪው። ለእንቁጣጣሽ ከፈለግሽው በግንቦት ግቢበት፤ ጉግል ገጾቹን ዳግም ዞሮ እስኪያነብ ሳምንታት ይወስድበታል። መጀመሪያ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን የበግ ገጽ ብቻ አስተካክዪና በዩአርኤል መመርመሪያው አስፈትሻቸው፤ ያወጣልሽን ምስል እዚሁ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።