የጠፈር ፎቶዎቹ ቀለም እውነት ነው? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጠፈር ቴሌስኮፖች ናቸው፤ ስለዚህ ዛሬ አምዱን ለእነሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን ፎቶዎች አፌን ከፍቼ ነው የማያቸው። ጓደኛዬ ግን «ባክህ አትሸወድ፣ ዋናው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀለሙን ኮምፒውተር ላይ ነው የጨመሩት» አለኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ሳይንቲስቶቹ ምኑን ነው የሚያጠኑት?

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። የሀብል ቴሌስኮፕም ሆነ የዌብ ካሜራ ቀለም አይለይም። የሚቆጥረው እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንዳረፈ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው ምስል ጥቁርና ነጭ ነው። ነገር ግን ከካሜራው ፊት ማጣሪያዎች አሉ፣ እያንዳንዱም የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። አንዱን ቦታ በአንድ ማጣሪያ ያነሱታል፣ ማጣሪያውን ይቀይሩና ደግመው ያነሱታል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ምስል አንድ ቀለም ሰጥተው ይደራርቡታል። ጓደኛህ የሳተው እዚህ ላይ ነው። የቀለሙ አሰጣጥ ሥርዓት አለው። ዌብ በዋናነት የሚያየው ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ፣ አጭሩን ሞገድ ወደ ሰማያዊ፣ ረጅሙን ወደ ቀይ ያመጡታል። ዓይናችን ከሚያውቀው ቅደም ተከተል ጋር አንድ ነው።

በ1995 ሀብል ያነሳውን የ«ፍጥረት ምሰሶዎች» ፎቶ ታስታውስ ይሆናል፤ እነዚያ ወደ 6,500 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ የቆሙት የጋዝና የአቧራ ዓምዶች። እዚያ ላይ ቀዩ ሰልፈር ነው፣ አረንጓዴው ሃይድሮጂን፣ ሰማያዊው ኦክስጅን። አሁን ልብ በል። በእነዚያ ማጣሪያዎች የተያዘው የሃይድሮጂንም የሰልፈርም ብርሃን ለዓይናችን ቀይ ነው። ቀለሙን እንዳለ እንተወው ቢባል ሁለቱ ቀይ ውስጥ ይቀላቀሉና የትኛው ጋዝ የት እንዳለ ማን ይለየው ነበር? ለሁለቱ የተለያየ ቀለም የተሰጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ለእኔ ዋናው ነው። ምኑን ነው የሚያጠኑት? እውነቱን ልንገርህና፣ ከትልልቆቹ ግኝቶች ብዙዎቹ ፎቶ የላቸውም። ዋስፕ 39 ቢ የምትባል ፕላኔት አለች፣ ከእኛ 700 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፣ ክብደቷ የሳተርንን ያህል ነው፣ ኮከቧን በአራት ቀን ትዞራለች። በሐምሌ 2022 ዌብ ተመለከታት። ፕላኔቷን ለብቻዋ አላያትም፣ ያየው የኮከቧን ብርሃን ነው። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ከብርሃኑ ጥቂቱ በፕላኔቷ ከባቢ አየር ውስጥ ሾልኮ ወደ እኛ ይመጣል፣ በዚያ ያለው ጋዝ ደግሞ የራሱን የሞገድ ርዝመት መርጦ ያስቀራል። የቀረውን የብርሃን መጠን በሞገድ ርዝመት ዘርዝረው ግራፍ ላይ ሲያስቀምጡት፣ ብዙ ብርሃን በተዋጠበት 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ አንድ ጉብታ ታየ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጪ ባለች ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ ይህ ጋዝ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ውጤቱ ነጥቦች የተደረደሩበት አንድ መስመር ነው፣ ማንም ግድግዳው ላይ አይሰቅለውም። እኔ ግን ከየትኛውም ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ በላይ ያንን ጉብታ ሳይ ነው የምደነቀው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ምድር ላይ ትልልቅ ቴሌስኮፖች እያሉ ለምን ወደ ጠፈር ይላካል? ወደ ኮከቦቹ ለመቅረብ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ዌብ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ ግን ከአራት የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። ያቺ ርቀት ምንም አትጨምርም።

ጉዳዩ ከባቢ አየራችን ነው። ኤክስሬይ ጨርሶ ወደ መሬት አይደርስም፤ ቻንድራ የሚባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በ1999 ወደ ጠፈር የተላከው ለዚህ ነው። ኢንፍራሬዱንም በብዛት የራሳችን አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይውጠዋል። አስቢው እስቲ፣ በሌላ ፕላኔት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመፈለግ በራስሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ልታይ ነው! ሌላም አለ። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ኢንፍራሬድ ያወጣል፣ አየሩም፣ መሬቱም፣ ቴሌስኮፑ ራሱም። ከምድር ሆኖ ደካማ ኢንፍራሬድ ማየት በጠራራ ፀሐይ ኮከብ ለመቁጠር እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ ዌብ የቴኒስ ሜዳ በሚያህል ባለ አምስት ንብርብር የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ሚሪ የተባለው መሣሪያው ደግሞ በተጨማሪ ማቀዝቀዣ ከ266 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

የምድሮቹ ግን ጊዜ አለፈባቸው እንዳትይ። የዌብ መስታወት ስፋቱ 6.5 ሜትር ነው፣ ቺሊ ውስጥ እየተሠራ ያለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ መስታወት 39 ሜትር ይደርሳል። ያን የሚያህል መስታወት በሮኬት አይጫንም። ደግሞም ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። ዌብ ጄድስ ጂ ኤስ ዜድ 14-0 የተባለችውን ጋላክሲ አገኘ፤ ብርሃኗ ጉዞ የጀመረው ዩኒቨርስ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳለ ነው። ከዚያ ቺሊ በረሃ ላይ ያሉት የአልማ አንቴናዎች እዚያችው ጋላክሲ ውስጥ ኦክስጅን አገኙ፣ ርቀቷንም ይበልጥ በትክክል ለኩት። ኦክስጅን የሚሠራው ኮከቦች ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ልጅነቷ ጋላክሲዋ ውስጥ ኮከቦች ተወልደው ሞተዋል ማለት ነው፣ እንዴት እንዲህ ፈጠኑ የሚለው ዛሬም ተመራማሪዎቹን እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

የጠፈሮቹ ትልቁ ችግር ጥገና ነው። ሀብል በ1990 ሲወጣ የመስታወቱ ጠርዝ በ2 ማይክሮሜትር ገደማ ከልክ በላይ ዝርግ ሆኖ ተሠርቶ ነበርና ምስሉ ይደበዝዝ ነበር። የሚዞረው ከምድር ብዙ ሳይርቅ ስለሆነ በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ሄደው ማረሚያ ገጠሙለት። ዌብ ያለበት ቦታ ግን እስካሁን ጠጋኝ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ዌብ ፎቶዎች ላይ ኮከቦቹ ለምን ስድስት ጨረር አላቸው?

መልስ፦ ከመስታወቱ ነው። ዌብ 18 ባለ ስድስት ጎን መስታወቶች ተገጣጥመው የተሠራ ነው፣ ብርሃኑ በጠርዞቻቸው ሲያልፍ ይበተናል። የሁለተኛውን መስታወት የያዙት ዘንጎችም ስለሚጨምሩበት አተኩረህ ካየህ ሁለት ትንንሽ ጨረሮች ወደ ጎን ታገኛለህ። ሀብል ላይ አራት ናቸው። ጨረር ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ የራሳችን ጋላክሲ ኮከብ ነው፣ ጨረር የሌላቸው ብዥ ያሉት ጋላክሲዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ አስትሮኖሚ አልተማርኩም፣ ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ቴሌስኮፖቹ የሰበሰቡትን ዋናውን መረጃ እኔም ማግኘት እችላለሁ ወይስ ለትልልቅ ተቋማት ብቻ ነው?

መልስ፦ ይችላሉ፣ ያውም በነፃ። የሀብል፣ የዌብ፣ እንዲሁም ፕላኔት ፈላጊዎቹ የኬፕለርና የቴስ ቴሌስኮፖች መረጃ ማስት በሚባለው ማኅደር ውስጥ ነው ያለው፣ የሚያስተዳድረውም ባልቲሞር ያለው የስፔስ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ነው። የቴሌስኮፕ ሰዓት በገንዘብ አይገዛም። ተመራማሪዎች የጥናት ሐሳብ ያስገባሉ፣ ገምጋሚዎቹ የአስገቢውን ስም ሳያዩ ይመርጣሉ። በ2023 ለዌብ ሦስተኛ ዓመት 1,931 ሐሳብ ገብቶ የተጠየቀው ሰዓት ካለው ወደ ዘጠኝ እጥፍ ነበር። ሐሳቡ የተመረጠለት ቡድን መረጃውን ብዙውን ጊዜ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ለብቻው ይይዛል፣ ከዚያ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። በጣም የምወደው ደንብ ነው። በትናንሽ ተቋም ያለ ሰው ሌላው ያላየውን ነገር ከዚያው ፋይል ውስጥ ሊያወጣ ይችላል።

ሲጀምሩ እንዳይደናገጡ አንድ ነገር ልንገርዎት። ፋይሉን በዲ ኤስ 9 ሶፍትዌር ሲከፍቱት ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ጥቂት ነጭ ነጥቦች ብቻ ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። በደማቁና በደብዛዛው መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ነው። የብሩህነት መለኪያውን ወደ ሎግ ይቀይሩት፣ ኔቡላው ቀስ ብሎ ከጨለማው ሲወጣ ያዩታል። ደማቅ ኮከቦች መሃላቸው ጥቁር ሆኖ ካገኙትም ብርሃኑ ከካሜራው አቅም በላይ ሆኖበት ነው።

ፋይል ማውረዱ ከከበደዎት ፕላኔት ሃንተርስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። እዚያ ተራ ሰዎች የኮከቦችን የብርሃን መዝገብ እያዩ ያልተለመደ መደብዘዝ ይፈልጋሉ። የቦያጂያን ኮከብ የምትባለውን፣ ብርሃኗ አንዳንዴ በ20 በመቶ ገደማ የሚቀንሰውን ኮከብ፣ ከኬፕለር መረጃ ውስጥ ያስተዋሏት እነሱ ናቸው፤ በ2015 ጥናቱ ሲወጣ ስማቸው ከሳይንቲስቶቹ ጋር ሰፍሯል።

ለመጀመሪያ ሙከራ ማስት ላይ የፕሮግራም ቁጥር 2733ን ይፈልጉ። የደቡብ ቀለበት ኔቡላ ነው፣ በሐምሌ 2022 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የዌብ ምስሎች አንዱ። ሦስት ማጣሪያ መርጠው ያውርዱ፣ በሞገድ ርዝመታቸው ቅደም ተከተል ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ይስጧቸው፣ ይደርቡ። ውጤቱን ከላኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።