ማይኩን ከመጫናችሁ በፊት፦ የግል አብራሪዎች ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዙሪያ ትንንሽ አውሮፕላን ለምታበሩና ለምትማሩ ሁሉ፦ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪውን ሥራ እንዴት እናቅልለት? ጠይቁኝ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጥሪ ላይ አፌ ይተሳሰራል። ምን ልበል?

መልስ፦ መጀመሪያ አዳምጪ፣ እህቴ። ኤቲሱን (የኤርፖርቱን የአየር ሁኔታ የሚናገረውን የተቀዳ መልእክት) ስሚ፤ ተቆጣጣሪው ነፋሱን እንዲያነብልሽ አታድርጊው። ፍሪኩዌንሲውን ስትቀይሪም ወዲያው አትናገሪ። ሌላው መመሪያ ተቀብሎ ገና ካልመለሰ ጠብቂ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተናገረ ሬዲዮው ያፏጫል፤ መልእክቱ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ደሴት ቴኔሪፌ ታወሩ (የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ) የኬኤልኤምን አውሮፕላን «ጠብቅ» ሲለው የፓን አም አውሮፕላንም በዚያው ቅጽበት ተናገረ። ኬኤልኤም ኮክፒት ውስጥ ፉጨት ተሰማ። ሁለቱ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ይሄ ግን አንዱ ነው።

ከዚያ አራት ነገር፦ ማንን እንደምትጠሪ፣ ማን እንደሆንሽ፣ የት እንዳለሽ፣ ምን እንደምትፈልጊ። «ፍሬድሪክ ታወር፣ ስካይሆክ» ብለሽ ቁጥርሽን፣ «ቴን ማይልስ ኖርዝ፣ ኢንባውንድ ፎር ላንዲንግ፣ ዊዝ ብራቮ»። ፍሬድሪክ ኤርፖርቱ ነው፣ ስካይሆክ የአውሮፕላንሽ ዓይነት፤ የቀረው «ከሰሜን በኩል አሥር ማይል ላይ ነኝ፣ ለማረፍ እየመጣሁ ነው፣ ብራቮ የተባለውን ኤቲስ ሰምቻለሁ» ማለት ነው። አለቀ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ተቆጣጣሪው ሥራ ሲበዛበት ፍላይት ፎሎዊንግ (በራዳር እየተከታተለ ስለ ሌሎች አውሮፕላኖች እንዲነግረኝ) ባልጠይቅስ?

ሌላ አባል፦ ተወው፣ አታጨናንቀው።

ሌላ፦ ኧረ ተው! እኔ ሁሌ ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ ጠይቅ። ለተቆጣጣሪው ከባዱ አንተን ማነጋገር አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለች፣ ስላላነጋገረችው ወዴት እንደምትዞር የማያውቃት ነጥብ ናት። ለእሷ ብሎ ሌላውን ሁሉ ያዞራል። ካልተመቸው አይሆንም ይልሃል። ብቻ ቀድመህ አዳምጥ።

አባል፦ ችግሩ አክሰንታችን ነው። ይሰለቹናል።

ሌላ፦ በእኔ ማንም ተሰላችቶ አያውቅም።

ያው አባል፦ አንተ እዚህ ተወልደህ ነዋ!

መልስ፦ ይሄን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፣ በቃ። ካልገባችሁ «ሴይ አጌን» (ድገምልኝ) በሉ። ተማሪ ሳለሁ «ሆልድ ሾርት» (ራንዌዩ ውስጥ ሳትገባ ቁም) ስባል «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብዬ ብቻ መለስኩ። ተቆጣጣሪዋ ደግማ ጠየቀችኝ፣ እኔም ደግሜ «ሮጀር»። የራንዌዩን ቁጥር ጨምሬ እስክደግምላት ልትለቀኝ አትችልም ነበር። ከኋላዬ ሁለት አውሮፕላን ቆሟል። ተማሪ ከሆናችሁ «ስቱደንት ፓይለት» በሉ፤ ይታገሷችኋል።

ጥያቄ፦ ካረፍኩ በኋላ ታወሩ ፍላይት ፕላኔን ይዘጋልኛል?

መልስ፦ ቪኤፍአር (ውጭውን በዓይን እያየህ የምትበርበት) ከሆነ አይዘጋልህም። ራስህ ዝጋ። እደርሳለሁ ካልክበት ሰዓት 30 ደቂቃ ካለፈ ፍለጋ ይጀመራል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ልዩ ክልልስ?

መልስ፦ ከመሃሉ ዙሪያውን 30 ናቲካል ማይል ነው። ለመግባት ፍላይት ፕላን፣ ለአንተ የተሰጠህ የትራንስፖንደር ኮድ (ራዳር ላይ የሚለይህ ቁጥር)፣ ከተቆጣጣሪው ጋር የሬዲዮ ግንኙነት ያስፈልግሃል። ለተራ ቪኤፍአር በረራ በሚውለው 1200 ኮድ ላይ አድርገህ እንዳትገባ።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ስንጠራ ምንድነው የምንለው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ አንብቡ። አዳምጥ፣ ከዚያ አራቱን።

ጥያቄ፦ የትኛው ሄድሴት ይሻላል?

መልስ፦ የሚመችህ።

ተማሪዋ፦ ነገ ጠዋት እበራለሁ። አራቱን ጽፌ ጉልበቴ ላይ የማስራት ሰሌዳ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

መልስ፦ ጎበዝ። ለኤቲሱም ቦታ ተዪለት።