ለአጋዘን አደን ብዬ ስቴት ልቀይር? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ አደን የጀመሩ ሀበሾች በርክተዋል። የራሳቸው እርሻ ወይም ጫካ ያላቸው ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ በሕዝብ መሬት ላይ፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት በሆነ የመንግሥት መሬት ላይ፣ አጋዘን ለማደን የት ብኖር ይሻለኛል? እኔ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ውስጥ ለዓመታት ያደንኩት በሕዝብ መሬት ብቻ ነው። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ቴክሳስ በአጋዘን ብዛት አንደኛ ነው ይላሉ። ታዲያ እኔ ለምን የማድንበት ቦታ አጣሁ?

ብዛቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከቴክሳስ መሬት 95 በመቶ ያህሉ የግል ነው። አጋዘኑ ያለው ከአጥር ወዲያ ነው፤ አጥሩን ለማለፍ ደግሞ በየዓመቱ ኪራይ ትከፍላለህ፤ ኪራዩም ኪስ ይጎዳል። ለጊዜው በ48 ዶላር የሚሸጠውን ዓመታዊ የሕዝብ አደን ፈቃድ ያዝ። በምሥራቅ ቴክሳስ ያሉትን የዴቪ ክሮኬትና የሳም ሂውስተን ብሔራዊ ደኖችም ሞክራቸው።

መልቀቅህ ካልቀረ ግን ሩቅ አትሂድ። አርካንሶ ጎረቤትህ ናት። የዋሺታ ብሔራዊ ደን ኦክላሆማ ያለውን ጨምሮ ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል። የኦዛርክ ደንም አርካንሶ ውስጥ ካለችው ከቤንተንቪል ከተማ ብዙ አይርቅም፤ በዚያ በኩል ደግሞ ለከባድ መኪና ሹፌር ሥራ አይጠፋም።

ከአትላንታ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ፣ አንደኛው ስቴት የቱ ነው?

መጀመሪያ የምመዝንበትን ልንገርህ። ብዙ ሰው የአጋዘኑን ብዛት ወይም የሕዝብ መሬቱን ስፋት አይቶ ይወስናል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ከቤትህ እስከ ጫካው ላለው መንገድ ነው። ጫካው አራት ሰዓት የሚያስነዳ ከሆነ በዓመት አንዴ ብትሄድ ነው። አርባ ደቂቃ ከሆነ ግን ከሥራ መልስ ትሄዳለህ፣ በበጋ ትሄዳለህ፣ በረዶ ላይ ዱካ ለማየት ትሄዳለህ። በሕዝብ መሬት የሚቀናው መሬቱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ መሬት ደግሞ በመመላለስ ነው የሚታወቀው።

ሥራህ የትም የሚገኝ ከሆነ የእኔ ምርጫ ከመንታዎቹ ከተሞች፣ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል፣ በስተምሥራቅ ያለው አካባቢ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እንጀራውም አለ። የዊስኮንሲን ድንበር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ኤከር የሆነው የሸዋመገን-ኒኮሌት ብሔራዊ ደን አለ። ሰው የሚረሳቸው የካውንቲ ደኖች ደግሞ ተደምረው ወደ 2.4 ሚሊዮን ኤከር ይደርሳሉ። ሁለቱም ለአደን ክፍት ናቸው።

ሰሜኑ ሰፊ ነው ብለህ ግን ዘለህ አትግባ። ክረምቱ ሲከፋ ብዙ አጋዘን ያልቃል፤ ተኩላም አለ። እኔ የመካከለኛውን ዊስኮንሲን ረግረግ እመርጣለሁ፤ ብላክ ሪቨር ፎልስ አካባቢ ያለውን ማለቴ ነው። የጠመንጃው ወቅት በተከፈተ ጠዋት የመኪና ማቆሚያው ይሞላል። አብዛኛው ሰው ግን ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። አጋዘኖቹ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምተው ወደ ረግረጉ ይገባሉ። ከመሃል ደረቅ ጉብታ አይጠፋም፤ ጥድና ቁጥቋጦ የበቀለበት፣ ከአንድ ሳሎን የማይሰፋ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሣሩ ላይ የተኙበት ሞላላ ምልክት ታያለህ። ረጅም የጎማ ቦት አድርገህ፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ተሻግረህ፣ ጎህ ሳይቀድ ነፋሱ ፊትህን እየመታህ ተቀመጥ። ሌላው አዳኝ ከመንገድ ሲገባ አጋዘኑን ወዳንተ ይነዳልሃል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ነርስ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ እሠራለሁ። ሰፈሬ አጋዘን በአጋዘን ነው፤ ተራራው ላይ ግን አንድም አላየሁም። ልልቀቅ?

እህቴ፣ ዓይንሽ አልተሳሳተም። ተራራው ላይ ያሉት የጆርጅ ዋሽንግተንና የጄፈርሰን ብሔራዊ ደኖች በጣም ሰፊ ናቸው። ነገር ግን ዛፉ አርጅቶ ከላይ ጥላ ሠርቷል፤ ከሥር ለአጋዘን የሚሆን ቅጠል እምብዛም አይበቅልም። በከተማው ዙሪያ ደግሞ የአትክልት ቦታው ሁሉ ቀለባቸው ነው፤ መሬቱ ግን የሰው ጓሮ ነው። ተራራው ላይ የምትሄጂ ከሆነ በቅርብ ዓመታት የተቆረጠ ወይም የተቃጠለ ደን በካርታ ፈልጊ። አዲስ ቡቃያ ካለ አጋዘን አለ።

እኔ አንቺን ብሆን ወደ ሰሜን፣ ወደ ፔንሲልቬኒያ አያለሁ። የአደን መሬት ተብሎ የተያዘው ብቻ 1.5 ሚሊዮን ኤከር ነው። በዚያ ላይ 2.2 ሚሊዮን ኤከር የስቴት ደን አለ። በቅርብ ዓመታት በአንድ የአደን ዘመን ከ400 ሺህ በላይ አጋዘን ተወስዷል። በካርላይልና በቼምበርስበርግ መካከል ብትኖሪ ከ85 ሺህ ኤከር በላይ የሆነው የሚሾ ደን ደጅሽ ነው። ነርስ ደግሞ የትም ሥራ አታጣም። ትልቁ ዕድልሽ ግን የዕረፍት ቀንሽ በሳምንቱ መሃል መሆኑ ነው። በእነዚህ ቀኖች ጫካው ጭር ይላል።

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፦ ጡረታ ልወጣ ነው። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። የት ይሻለኛል?

ጋሼ፣ እርስዎ ከኦሃዮ መውጣት አያስፈልግዎትም። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አቴንስ ወይም ኔልሰንቪል ይጠጉ። የዌይን ብሔራዊ ደን እዚያ ነው። ከግል መሬት ጋር የተሰባጠረ ስለሆነ ድንበሩን በስልክ ካርታ ይከታተሉ። ኦሃዮን የምወድልዎት በክሮስቦው ነው፤ ቃታ ያለው ቀስት ነው፤ ለመወጠር ጉልበት አይጠይቅም፤ ማጠንጠኛ አለው። የቀስት ወቅቱ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ድረስ ይዘልቃል። ብርድ የሌለበትን ቀን መርጠው መውጣት ይችላሉ።

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ፦ እዚህ የሕዝብ መሬት ሞልቷል። ለምን ሰው ወደ ዊስኮንሲን ትልካለህ?

ኮሎራዶ ውስጥ ካለህማ ቆይ። የእናንተ ሚዩል ዲር የሚባለው ሌላ የአጋዘን ዝርያ ነው፤ አደኑም የተለየ ነው። በእግር ትሄዳለህ፣ በመነጽር ተራራ ታስሳለህ። ማወቅ ያለብህ ግን ከ1999 ጀምሮ የአጋዘን ፈቃድ በሙሉ ቁጥሩ የተገደበ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ኤፕሪል መግቢያ ላይ፣ ፋሲካ በሚደርስበት ሰሞን ነው። ብዙ ሀበሻ ኦክቶበር ላይ ትዝ ሲለው አልፎበታል። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ፈቃድ ገዝቼ ልውጣ ለሚል ሰው የመካከለኛው ምዕራብ ይቀላል።

አይዋ ስቴትስ እንዴት ነው?

ቀንዳቸው የሚያስጎመጅ ነው። የሕዝብ መሬቱ ግን ትንሽ ነው። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት ይጠብቃል፤ ነዋሪ ግን ገዝቶ ይወጣል። ዋና ከተማው ዴ ሞይን ውስጥ ሥራ ካለህ ጥሩ ነው። ለአደን ብቻ ብዬ ግን አልሄድም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የገና ጾም ይገባብኛል። ሥጋውስ በጥሬው ይበላል?

ጾሙ ኅዳር 15፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ይገባል። የሚሺጋን ጠመንጃ ኖቬምበር 15 ይከፈታል። የሚኒሶታ ከዚያም ይቀድማል። የዊስኮንሲን ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ስለሆነ መክፈቻው ከጾሙ አስቀድሞ ይውላል። የፔንሲልቬኒያ ግን ጾም ውስጥ ይገባል። ከሆነም ፍሪዘር አለ፤ ለገና ይደርሳል። በአደን የተገደለን ስለ መብላት ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሙስሊም ወንድሞች ሲተኩሱ ቢስሚላህ ይላሉ።

ጥሬውን ግን አደራ። ክትፎም፣ ለብ ለብም ይቅር። የዱር ሥጋ ጥገኛ ተውሳክ ይኖረዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሲደብሊውዲ የሚባል የአጋዘን የአንጎል በሽታ አለ፤ ዊስኮንሲን ውስጥ በ2002 ታወቀ፤ አሁን ከ30 በላይ ስቴቶች ደርሷል። በሰው ላይ እስካሁን አልታየም። ቢሆንም በሽታው ያለበትን ሥጋ አትብሉ ተብሏል፤ ማብሰልም አያጠፋውም። አስመርምሪው። ነፃ ነው ከተባለ ጥብስ አድርጊው። የአጋዘኑን ጮማ ግን አውጥተሽ ጣይ፤ አፍ ውስጥ እንደ ሻማ ይረጋል። በንጥር ቅቤ ተኪው።

ከሲያትል፦ እውነቱን ንገረኝ፤ ጥቁር ሰው ጠመንጃ ይዞ ገጠር ጫካ ውስጥ አያስፈራም?

ጥያቄህ ተገቢ ነው። የሚያስፈራ አጋጣሚ የለም አልልህም። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ብቻዬን አልጀመርኩም፤ አሁንም አዲስ ቦታ በሰው ነው የምገባው። መኪናዬን በግልጽ ማቆሚያ ላይ አቆማለሁ። ከሩቅ የሚታየውን ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያ ከመኪናዬ ስወርድ ጀምሮ እለብሳለሁ። ድንበር አልጠጋም፤ የቆሰለ አጋዘን የግል መሬት ቢገባብኝ እንኳ ሳላስፈቅድ አልከተልም። ከመዛወርህ በፊት ደግሞ ትንሿ ከተማ ሂድና ቁርስ ብላ፣ ነዳጅ ቅዳ፣ የአደን ዕቃ ሱቅ ግባና ጠይቅ። እንዴት እንደተቀበሉህ ራስህ ታውቀዋለህ። ሆድህ ካልወደደው ሌላ ካውንቲ አለ።

ከሂውስተን፦ ከተዛወርኩ በኋላ የነዋሪ ዋጋ የምከፍለው መቼ ነው? ግሪን ካርድስ ይበቃል?

ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬኒያ 30 ቀን፣ ሚኒሶታ 60 ቀን፣ ኦሃዮና ኮሎራዶ 6 ወር ይጠይቃሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ነዋሪ ወደ 21 ዶላር ሲከፍል ሌላው 102 ገደማ ይከፍላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። የቪዛ ከሆነ ጉዳዩ ስለሚወሳሰብ መጀመሪያ ጠበቃ አነጋግር። የአዳኝ ትምህርት ወረቀትህን አንዴ ካወጣህ ሌላው ስቴትም ይቀበልሃል። ኖቬምበር ላይ ለማደን ካሰብክ ዊስኮንሲን ወይም ፔንሲልቬኒያ እስከ ሴፕቴምበር፣ ኦሃዮ ግን እስከ ኤፕሪል ገብተህ መኖር ጀምር።