ጠባሳሽን አይተሽ አትወስኚ፣ ወረቀቱን አስመጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር በኦፕራሲዮን ከወለድሽ ሦስት ዓመት አልፎሻል። ከዚያ በፊት ፅንስ አቋርጠሽ ማህፀንሽ ተጠርጓል፤ ባለቤትሽ ይህን አያውቅም። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ የ10 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነሽ። ሐኪሟ ማህፀንሽ በየት በኩል እንደተቀደደ ስትጠይቅሽ ግራ ገባሽ። «ጠባሳዬ አግድም ነው፣ አይበቃም ወይ? የጠረጋውን ነገር ብተወውስ ምን ይጎዳኛል?» ነው ያልሽው። አዲስ አበባ ለዓመታት አዋላጅ ነበርኩ፤ እዚህ አሜሪካ ደግሞ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ጠባሳው አይበቃም። ቆዳሽ ላይ ያለው መስመር ሌላ፣ ማህፀንሽ ላይ ያለው መስመር ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አግድም ናቸው። ግን ልጁ ጊዜው ሳይደርስ የሚወጣ ከሆነ የማህፀን የታችኛው ክፍል ገና አልሳሳም፣ ቦታም የለውም። ልጁ በአግድም ተኝቶ ሲገኝም እንደዚሁ ያስቸግራል። ያኔ ሐኪሙ ማህፀኑን ከላይ ወደ ታች ሊቀደው ይችላል፤ ከውጭ የሚታየው ስፌት ግን ያው አግድም ነው። የመውጫ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ የመጣች አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ጠባሳዋ ከፓንት መስመር በታች የተደበቀ፣ ቀጭን አግድም። ወረቀቱ ላይ ግን ማህፀኗ በቁመት መቀደዱ ተጽፏል። ምጥ ሳይጀምራት በቀጠሮ ተሠራላት። ያቺ ወረቀት ባትኖር ምጥ እንድትሞክር ይፈቀድላት ነበር።

ፍርሃቱ የድሮው ስፌት ምጥ ላይ እንዳይተረተር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከታች በአግድም የተቀደደች ሴት ምጥ ስትሞክር ይህ የሚደርስባት ከ100 ከአንድ ባነሰ ጊዜ ነው። በቁመት ለተቀደደች ግን ከ100 ከ4 እስከ 9 ይደርሳል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዋ መሞከር የምትችለው፣ ሁለተኛዋ ግን በ36 ወይም በ37 ሳምንት አካባቢ በቀጠሮ የምትሠራው። ወረቀቱ ጭራሽ ቢጠፋም በር አይዘጋብሽም። ልጅሽ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ከሆነ ሐኪሞች ቅዱ አግድም ነው ብለው ገምተው ሊወስኑ ይችላሉ። ስንት ወር ላይ፣ በምን ምክንያት እንደተሠራሽ በደንብ ንገሪያቸው።

እኔን ከስፌቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንግዴ ልጁ ነው። ቀድሞ በተቀደደ ወይም በተፋቀ ቦታ ላይ ከተተከለ ወደ ማህፀኑ ግድግዳ ጠልቆ ሊጣበቅ ይችላል። ልጁ ከወጣ በኋላ አልላቀቅ ይላል፤ ደም ይፈስሳል፤ አንዳንዴ እናቲቱን ለማትረፍ ማህፀን እስከማውጣት ይደረሳል። በ2006 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ከተቀመጠና ሴቲቱ አንድ ኦፕራሲዮን ካላት የመጣበቅ ዕድሉ ከ100 ወደ 11 ነው። ሁለት ካላት ወደ 40 ይዘላል። ቀድሞ ከታወቀ ደም ተዘጋጅቶ፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ተሰብስበው ይሠራል። በድንገት ሲገኝ ነው ጉዳቱ የሚከፋው።

ጠረጋውን መናገር ያለብሽም ለዚህ ነው። ብረት ገብቶ ከተፋቀ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ሊጎዳ ይችላል፤ በመምጠጫ ከሆነ ጉዳቱ ያነሰ ነው። በመድኃኒት ብቻ አልቆ ከነበረ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የትኛው እንደነበር ካስታወስሽ ንገሪያት። ከዕጢ ማስወጣት ጀምሮ ማህፀንሽ ላይ የተሠራ ሌላ ነገር ካለም አትተዪ።

የባለቤትሽ ነገር እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ሐኪም «ስንት ጊዜ አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ስትጠይቅ መጀመሪያ ባሏን የምታይ ሴት ስንት አጋጥሞኛል! ስለዚህ ባልሽ እንዲተረጉምልሽ አትፍቀጂ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። ነርሷን ለብቻሽ አነጋግሪያትና «ይህ ጉዳይ እሱ ባለበት እንዳይነሳ» በያት። ያለፈቃድሽ ለእሱ መናገር አይችሉም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ስልክሽ ላይ ባለው የሆስፒታሉ አፕ የሐኪሟ ማስታወሻ ይታያል። የይለፍ ቃልሽን እሱ የሚያውቀው ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሪው።

ወረቀቱን ለማስመጣት ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ካርድ ክፍል ይሂድልሽ። የሚጠየቀው «የኦፕራሲዮን ሪፖርት» ነው፤ የመውጫ ወረቀቱ ብቻ አንዳንዴ ስለ ማህፀኑ ምንም አይልም። ውክልና ሊጠይቁት ስለሚችሉ ቀድሞ ያጣራ። የካርድ ቁጥር ከጠፋብሽ ያኔ ያስመዘገብሽውን ስም ከነአባትሽና ከነአያትሽ ላኪለት። የወለድሽበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጻፊ፤ እዚያ መዝገቡ በእሱ ነው፣ በፈረንጆቹ ቀን ፈልጎ የሚያገኝልሽ የለም። ሲገኝ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። ሐኪሞቻችን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳለ ለሐኪምሽ ታሳያታለሽ።

ወረቀቱ እስኪመጣ ግን አልትራሳውንዱን አታቆዪ። አሁን ገና በ10 ሳምንት ሳለሽ ፅንሱ የድሮው ጠባሳ ላይ አለመቀመጡ ይታይልሽ። 20 ሳምንት አካባቢ ስትታዪ ደግሞ «እንግዴ ልጁ የት ነው? ጠባሳው ላይ ነው?» ብለሽ ራስሽ ጠይቂ። በመሃል ደም ካየሽ ወይም ታችኛው ሆድሽን ኃይለኛ ሕመም ከያዘሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂና ከሁሉ አስቀድመሽ በኦፕራሲዮን መውለድሽን ንገሪያቸው።