መመዝገቢያ ገጹን ይቀይሩ፣ አካውንት የመፍጠሩን ሥራ ለፖርታሉ ይተዉለት

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ፖርታሉ (ድረ ገጽዎ የቆመበት ዝግጁ ሥርዓት) ይዞት የመጣው መመዝገቢያ ገጽ የሚፈልጉትን መረጃ ሁሉ ስለማይጠይቅ፣ የራስዎን ገጽ ሠርተው ተመዝጋቢዎችን በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ማስገባት ይፈልጋሉ። ገጹን ይሥሩ፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን ተመዝጋቢ በቀጥታ አያስገቡ። እኔ አስገብቼ ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል።

በመጀመሪያው ሥራዬ ቅጹን ካሳመርኩ በኋላ የተሞላውን መረጃ በራሴ ትእዛዝ ወደ ሠንጠረዡ አስገባሁት። ስሙም ኢሜይሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከተመዘገቡት መካከል ግን አንድም ሰው መግባት አልቻለም። መግቢያው ገጽ የሚጠብቀው በቢክሪፕት (የይለፍ ቃልን ተመልሶ ወደማይነበብ ኮድ በሚለውጥ ስልት) የተቀየረ የይለፍ ቃል ነበር፤ እኔ ያስቀመጥኩት ሰውየው የጻፈውን እንዳለ ነው። ሰዎች ምናልባት በሌላም ቦታ የሚጠቀሙበትን ምስጢር ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ አኑሬው ነበር፤ የዚያን ቀን ድንጋጤ እስካሁን አልረሳሁትም። ከይለፍ ቃሉ ሌላ ፖርታሉ ለአዲስ ተጠቃሚ ሚና (ምን ማድረግ እንደሚፈቀድለት የሚወስን ደረጃ) ይሰጣል፣ የማረጋገጫ ኢሜይል ይልካል፤ እነዚህም ሁሉ ቀርተውብኝ ነበር።

ስለዚህ የእርስዎ ገጽ መረጃውን ይቀበል፤ አካውንቱን የሚፈጥረው ግን ፖርታሉ ለዚሁ ያዘጋጀው ፋንክሽን (አንድን ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል) ወይም ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ፖርታሉን ሥራ የሚጠይቅበት መንገድ) ይሁን። ተጨማሪዎቹን መረጃዎች በተጠቃሚው መለያ ቁጥር ከዋናው ጋር በተያያዘ ሌላ ሠንጠረዥ ያስቀምጧቸው። እንዲህ ከሆነ ፖርታሉ ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር ሥራዎ አይፈርስም።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ድርብ አካውንት ነው። ኮዴ አስቀድሞ «ይህ ኢሜይል አለ?» ብሎ ይጠይቅና ከሌለ ይመዘግባል። ደጋግሜ ባነበው እንከን አላገኘሁበትም። ለካ መስመሩ ሲዘገይ ሰዎች ቁልፉን ሁለት ጊዜ ይጫኑታል፤ ሁለቱም ጥያቄዎች አንዳቸውም ሳይመዘገቡ ይደርሱና ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ። መድኃኒቱ ያለው ዳታቤዙ ላይ ነው፦ የኢሜይሉ ዐምድ ድግግሞሽ እንዳይቀበል ገደብ ይጣልበት፤ ኮድዎ ደግሞ ዳታቤዙ የሚመልሰውን ስሕተት ተቀብሎ ለሰው በሚገባ ቋንቋ ይንገር። ለፖርታሉ ከማሳለፍዎ በፊት ኢሜይሉን ወደ ትንንሽ ፊደላት ይለውጡት፤ አለዚያ አንዱ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሁለት ሆኖ ይገባል።

ብራውዘሩ ላይ የሚያደርጉት ማጣሪያ ለተመዝጋቢው ምቾት ብቻ ነው፤ ሁሉም ነገር ሰርቨሩ ላይ እንደገና ይፈተሽ። ደግሞም ቅጹ ላይ ያልጠየቁት ነገር አይመጣም ብለው አያስቡ። የመጣውን ሁሉ እንዳለ የሚያሳልፍ ኮድ፣ ሚና የሚል መረጃ ጨምሮ የላከውን ሰው አስተዳዳሪ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። የሚቀበሏቸውን በስም ይዘርዝሩ፤ ሌላው ይጣል።

የይለፍ ቃል ደንቡን አያክብዱት። «ትልቅ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት ይኑረው» የሚለው ግዴታ ሰውን በቀላሉ ወደሚገመት ቃል ይገፋዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ይህ ግዴታ እንዲቀር፣ ርዝመቱ ግን ከ8 ፊደላት ወይም ምልክቶች እንዳያንስ መክሯል። እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ቢክሪፕት የሚጠቀመው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ብቻ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት የተለመደ አሠራር) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በአማርኛ ረጅም ሐረግ የመረጠ ሰው ከ24ኛው ፊደል በኋላ የጻፈው አይቆጠርለትም። አርጎን2 የተባለው ሌላው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ስልት እንዲህ ያለ ጠባብ ገደብ የለበትም፤ ፖርታሉ ከፈቀደ እርሱን ይምረጡ።

ተመዝጋቢው ኢሜይሉን ሳያረጋግጥ ወደ ውስጥ አይግባ። የማረጋገጫው ሊንክ የማይገመት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራና ጊዜው የሚያልፍ ይሁን። በሊንኩ የሚከፈተው ገጽ ላይም «አረጋግጥ» የሚል ቁልፍ ያኑሩ። አንዳንድ የኢሜይል ጥበቃ ሥርዓቶች ሊንኩን ለፍተሻ ራሳቸው ይከፍቱታል፤ የእኔ ተጠቃሚዎች ገና ሳይነኩት «አገልግሎት ላይ ውሏል» እየተባሉ ተንገላተዋል። ኢሜይሉ ቀድሞ የተመዘገበ ቢሆንም ገጹ ለሁሉም «ኢሜይልዎን ይመልከቱ» ይበል፤ እውነቱን ለባለቤቱ በኢሜይል ይንገሩት። አለዚያ ማንም ሰው የሌላውን አድራሻ እየሞከረ አባል መሆኑን ማወቅ ይችላል።

ፖርታሉ በየትኛው ሥርዓት እንደተሠራ አልጻፉም። ስሙንና እትሙን ቢነግሩን አካውንት የሚፈጥረው ፋንክሽን የት እንዳለ አብረን እንፈልገዋለን።